ቁጥሩ አንድ፥ ቦታው ሁለት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ባለፈው ኅዳር ቀድመን ጠመጠምንና ኋላ ተማርን። ለማኅበራችን መጽሔት አንባቢዎች የምናቀርበው ይህ አጭር ትምህርት ከዚያ የተገኘ ስለ ሆነ፥ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰባት የጂኦግራፊ ተማሪዎች ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብለን፥ በጨሞጋ ወንዝ በኩል፥ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ሰውረን በእጅ በሚያዝ የጂ ፒ ኤስ መሣሪያ ለመፈለግ ተስማማን። ሦስታችን ደባቂዎች፥ አራታችን ፈላጊዎች ሆንን። ደባቂዎቹ ሣጥኑን ከአንድ ብሳና ዛፍ ሥር አኖሩ፤ የቦታውን ቁጥር ከመሣሪያው ላይ ገልብጠው በወረቀት ለፈላጊዎቹ ሰጡ። ፈላጊዎቹም ቁጥሩን ሳያዛንፉ በሌላው መሣሪያ አስገብተው ተከተሉት። መሣሪያው «ደርሳችኋል» ባላቸው ጊዜ ግን የቆሙት ከብሳናው ሥር ሳይሆን፥ ለአጨዳ ጥቂት ቀን በቀረው በአንድ ገበሬ ጤፍ መካከል ነበር። ሣጥኑ ከዚያ 220 ሜትር ያህል ርቆ ከጅረት ማዶ ተቀምጧል። አራት ሰው በጤፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ሲል ምን እንደሚያደርስ የገበሬ ልጅ የሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ባለቤቱ መጡ። «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ።

«ሣጥን ነው አባታችን።»

«በኔ ጤፍ ውስጥ ሣጥን ያስቀመጠው ማነው?»

ከእኛ አንዱ መሣሪያውን አሳይቶ «እዚህ ነው ያለን ይኸ ነው» ቢላቸው፥ «እንግዲያስ እሱ ይክፈለኝ!» አሉ። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። ታዲያ ስሕተቱ የት ነበር? ይህን ለመመለስ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ሀ. ጨዋታው ከየት መጣ?

ጂ ፒ ኤስ የአሜሪካ መከላከያ የሠራው ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተላከችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፥ ሥራው በሙሉ ተጠናቀቀ የተባለው በ1995 ነው። እስከ 2000 ድረስ ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያደበዝዙት ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ማደብዘዙ ቀረ። በማግሥቱ በአሜሪካ በኦሪጎን ክፍለ ሀገር ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ዕቃ የሞላበት ባልዲ በጫካ ውስጥ አኑሮ ቁጥሩን ለሕዝብ ገለጠ። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ ከዚያ ተነሥቶ በዓለም ተሰራጨ።

ሕጉ ቀላል ነው። አንዱ ወገን ትንሽ ሣጥን ይሰውራል፤ የቦታውን ቁጥር ይገልጣል፤ ሌላው ወገን ይፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ደብተርና እርሳስ ይቀመጣል፤ ያገኘ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሣጥኑን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ለተማሪ ያለው ጥቅም ግን ከጨዋታ ያልፋል፤ ካርታ ማንበብን፥ ልክ መውሰድንና የራስን ስሕተት መመርመርን በአንድ ቀን ያስተምራል።

ለ. መሣሪያው ቦታን እንደ ምን ያውቃል?

ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶም ሰዓት ይዘው፥ «እኔ ይህችኛዋ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል የሬዲዮ ምልክት ይልካሉ። በእጃችን ያለው መሣሪያ ምልክቱ በስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። የሬዲዮ ምልክት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ጊዜ 300 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ጥቂት የሰዓት መዛባት ብዙ ርቀት ያሳስታል። ሦስት ሳተላይት ቦታን ለማግኘት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን የመሣሪያችን ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ትክክለኛ ስላልሆነ፥ የሰዓቱን ስሕተት ለማወቅ አራተኛዋ ታስፈልጋለች።

ስለዚህ መሣሪያው ሰማይን ማየት አለበት። ገላጣ ሜዳ ላይ የእጅ መሣሪያ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ሜትር ነው። በጥቅጥቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ፥ በገደል ሥር ወይም በቆርቆሮ ቤት ጥግ ሲሆን ምልክቱ ስለሚጋረድና እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይበዛል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የገደሉ ግድግዳ ከሰማዩ ከፊሉን እንደሚሸፍን ማሰብ ነው። ከፍታን በሚመለከት ደግሞ ስሕተቱ ከአግድሙ ይበልጣል፤ ስለዚህ መሣሪያው ለጮቄ ተራራ የሚሰጠውን ከፍታ በሜትር ቆጥሮ መከራከር አይገባም።

ሐ. ቁጥሩ እንዴት ይጻፋል?

ደብረ ማርቆስ በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ፥ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ይህን ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ 10.20 እና 37.43 ብሎ ይጽፈዋል። ትልቅ ስሕተት ነው። በአንድ ዲግሪ ውስጥ ያለው 60 ደቂቃ እንጂ 100 ስላልሆነ፥ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 10.3333 እና 37.7167 ነው። በተሳሳተው ቁጥር የሄደ ሰው ከከተማው ወደ ምዕራብ 31 ኪሎ ሜትር፥ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በአሥርዮሽ አጻጻፍ ከነጥቡ በኋላ ያለው አራተኛ አኃዝ 11 ሜትር ያህል፥ አምስተኛው አንድ ሜትር ያህል ዋጋ አለው። መሣሪያው በ5 ሜትር እየተሳሳተ ሰባት አኃዝ መጻፍ የሌለንን ዕውቀት እንዳለን ማስመሰል ነው።

ሁለተኛው አጻጻፍ በሜትር የሚቆጥረው ዩ ቲ ኤም የተባለው ነው። ምድርን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ቀጠናዎች ይከፍላል፤ ደብረ ማርቆስ የምትገኘው በ37ኛው ሰሜን ቀጠና ነው። በዚህ አቆጣጠር ከተማዋ ወደ 359,500 ምሥራቅና 1,142,500 ሰሜን አካባቢ ትውላለች። ርቀትን በመቀነስ ብቻ ማወቅ ስለሚቻል ለእግረኛ የሚሻል ይህ ነው። እኛም የተጠቀምነው በዚሁ ነበር።

መ. ስሕተቱ የት ነበር?

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። አንድ ቦታ ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል፥ እንዲሁ ሁለት ቁጥርም ሊኖረው ይችላል። ይህ የሚሆነው የልኩ መነሻ ሲለያይ ነው። የልክ መነሻ በባለሙያዎች ዘንድ ዳተም ይባላል።

ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ቀያሾች ቅርጽዋን በሚመስል የሒሳብ እንቁላል ይተኳታል። የአሮጌዎቹ የአገራችን ካርታዎች መነሻ አዲንዳን ይባላል። ስሙ በሱዳንና በግብጽ ጠረፍ አጠገብ ካለ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። ከ1950 ዓ.ም. ወዲህ ወዲያ ባሉት ጥቂት ዓመታት የዓባይን ሸለቆ ለማጥናት የኢትዮጵያና የአሜሪካ ባለሙያዎች በአንድነት ሲሠሩ የልኩ መረብ ከዚያ እየተያያዘ ወደ አገራችን ገባ። በ50,000 ለ1 መጠን የታተሙት ካርታዎች የተሠሩት በዚህ መነሻ ነው። ጂ ፒ ኤስ ግን መነሻውን የምድርን የክብደት መካከለኛ አድርጎ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ይሠራል። የሁለቱ እንቁላሎች መካከለኛ ነጥብ ከ260 ሜትር በላይ ይራራቃል።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ይህ ልዩነት በዩ ቲ ኤም ቁጥር ሲታይ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል፥ ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ባንድነት 220 ሜትር ያህል ይሆናል። በ50,000 ለ1 ካርታ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ ለዓይን ኢምንት ይመስላል፤ በምድር ላይ ግን አንድ ጅረትና አንድ የጤፍ ማሳ ነው።

የደባቂዎቹ መሣሪያ ከወረቀቱ ካርታ ጋር እንዲስማማ በአዲንዳን ተስተካክሎ ነበር። የፈላጊዎቹ ከሱቅ እንደ ወጣ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነበር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ መነሻው አልተጻፈም። ስለዚህ ፈላጊዎቹ ከሣጥኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ 220 ሜትር ርቀው ቆሙ። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ነበሩ፤ ጥፋቱ ከሁለቱ መካከል የጠፋችው አንዲት ቃል ናት።

ሠ. በኮምፒዩተር እንደ ምን አረጋገጥነው?

ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል። ካርታውና ፎቶግራፉ አስቀድሞ ከተጫነለት ኔትዎርክ በሌለበትም ይሠራል። ሥራችን በሚከተለው ተራ ነበር።

አንደኛ፥ የወረቀቱን ካርታ በስካነር አንሥተን ወደ ፕሮግራሙ አስገባን። በካርታው ላይ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ የተሰመሩት መስመሮች ከሚገናኙባቸው ነጥቦች በአራቱ ማዕዘን አጠገብ ያሉትን መርጠን ቁጥራቸውን ጻፍን። ፕሮግራሙ መነሻውን ሲጠይቅ 20137 የሚለውን ሰጠነው፤ ይህ በዓለም አቀፉ መዝገብ የአዲንዳን 37ኛ ሰሜን ቀጠና መለያ ነው።

ሁለተኛ፥ የሥራውን ገበታ በ32637 አደረግነው፤ ይህም የደብልዩ ጂ ኤስ 84 37ኛ ሰሜን ቀጠና መለያ ነው። ፕሮግራሙ አሮጌውን ካርታ ራሱ ወደ አዲሱ መነሻ አዛወረው። ለማዛወር ብዙ ቀመር ካቀረበ ለኢትዮጵያ የተመደበውን መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛ፥ የሁለቱንም መሣሪያዎች መዝገብ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አመጣን። ይህ መዝገብ ጂ ፒ ኤክስ በሚባል ፋይል ይጻፋል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን፤ መሣሪያው በመስኮቱ የሚያሳየው በየትኛውም መነሻ ቢሆን፥ በጂ ፒ ኤክስ ፋይል የሚጻፈው ሁልጊዜ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ቁጥሩን በእጅ ከመገልበጥ ይልቅ ፋይሉን ብንሰጣቸው ኖሮ ጤፉ ባልተረገጠም ነበር።

አራተኛ፥ በወረቀት የተሰጠውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስገባን። በ32637 ሲገባ ነጥቡ ፈላጊዎቹ ከተመላለሱበት ከጤፉ መካከል ወደቀ። ያንኑ ቁጥር በ20137 ብናስገባው ከጅረቱ ማዶ፥ ከብሳናው አጠገብ ዐረፈ። ያን ጊዜ ሰባታችንም ዝም አልን።

ረ. በሜዳ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው

ሣጥን ለመሰወር ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የቦታውን ባለቤት ያስፈቅድ። በቤተ ክርስቲያን ደን፥ በመቃብር፥ በምንጭ አጠገብ፥ በድልድይና በጥበቃ ባለበት ስፍራ አይሰውር። በተለይ በወሰን ድንጋይ ሥር አያስቀምጥ፤ ፈላጊ ድንጋዩን ሲያነሣ ጠብ ያስነሣልና። ሣጥኑ ውስጡ እንዲታይ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፤ ምን እንደ ሆነም በአማርኛ ይጻፍበት።

ደባቂ በቦታው ላይ መሣሪያውን አቁሞ ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ፤ የማማከል ሥራ ካለው ይጠቀምበት። ከተቻለ በሌላ ቀን ተመልሶ እንደገና ይለካ። ከቁጥሩ ጋር ሦስት ነገር ይጻፍ፤ መነሻውን፥ ቀጠናውንና መሣሪያው የሚገምተውን ስሕተት። ፈላጊም ከ10 ሜትር ውስጥ ሲገባ መሣሪያውን ከኪሱ ይክተት። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው ዓይን ነው። መንገዱ በእርሻ የሚያልፍ ከሆነ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ቢያመለክትም በድንበሩ ዞሮ ይሂድ። ቀስቱ እርሻና ጠፍ መሬት አይለይም።

ሰ. የገበሬው ጥያቄ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለካሣ ይሆን ዘንድ ሰባታችንም ከገበሬው ጋር ለአጨዳ ወጣን። ከመካከላችን ሁለቱ ብቻ ማጭድ መያዝ ያውቁ ስለ ነበር የሌሎቻችን ርዳታ ነዶ ከመሸከም አላለፈም። በዕረፍት ላይ ሳለን ባለቤቱ መሣሪያውን አስመጥተው እያገላበጡ አዩና «ይህ ነገር ፊት አይቶ አያዳላም ይላሉ። ከጎረቤቴ ጋር ያለው ወሰን ድንጋይ በእርሻ ጊዜ ተነቅሎ ጠፍቷል። የት እንደ ነበር ይንገረኝና ልገላገል» አሉ።

ከእኛ አንዱ ለመለካት ተነሥቶ ነበር። ሌሎቻችን ከለከልነው፤ አስቀድመን እንሞክር አልን። በሌላው ወሰን ላይ ያልተነካ ድንጋይ ስለ ነበረ፥ እሱን በአንድ መሣሪያ፥ በአንድ መነሻ፥ ጧት፥ ቀትርና ማታ ለካነው። ሦስቱ ነጥቦች በኮምፒዩተር ሲታዩ አንዱ ከሌላው እስከ 6 ሜትር ይራራቃሉ። ድንጋዩ ግን አልተንቀሳቀሰም።

እስቲ እናስላው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ አራት ማዕዘን ቢሆን በየጎኑ 50 ሜትር ይሆናል። አንደኛው ወሰን በ3 ሜትር ብቻ ቢሳሳት 150 ካሬ ሜትር ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ይህም ከማሳው ከመቶ ስድስት እጅ ነው። ሣጥን ለሚፈልግ ተማሪ 3 ሜትር ጥቂት እርምጃ ነው፤ ለገበሬ ግን የልጆች ቀለብ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ያለ ሰላምም ነው።

በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ልኩ የሚወሰደው በአብዛኛው በገመድ ነበር፤ የይዞታው ደብተር ከመጠኑ ሌላ በአራቱ አቅጣጫ ያሉትን አዋሳኞች ስም ይዟል። ብዙ ሰው ይህን ኋላ ቀር ነው ይለዋል። በዚሁ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጎዛምን ወረዳ በአዲስና ጉሊት ቀበሌ በስዊድን ርዳታ ዘመናዊ ቅየሳ ተሞክሯል፤ ኋላም በብዙ ወረዳዎች ወሰኑ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እንዲመለከት ተደርጓል። ነገር ግን በፎቶግራፉም ሥራ ባለ ይዞታውና አዋሳኞቹ በማሳው ላይ ተገኝተው ወሰኑን ያሳያሉ። መሣሪያ ሰዎች የተስማሙበትን ወሰን ይመዘግባል እንጂ የጠፋውን ወሰን አይፈጥርም።

ይህን ለባለቤቱ በአክብሮት ገለጥንላቸው። ደስ አላላቸውም። «እንግዲያስ ምን ይጠቅማችኋል?» አሉን። ጉዳያቸው እስካሁን በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ፊት ነው፤ ሽማግሌዎችም ተይዘዋል። እኛ ያን ቀን ቁጥር ብንሰጣቸው ኖሮ ቁጥሩ በኮሚቴው ፊት እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ በመስኮቱ ላይ የታየውን አኃዝ የሚጠራጠር ሰው ብዙ አይደለምና። ጤፉን መርገጣችን በአጨዳ ተካሰ። ያ ግን በምንም አይካስም ነበር።

ሸ. ለልምምድ

አንባቢ ሆይ፥ መሣሪያ ወይም ጂ ፒ ኤስ ያለው ስልክ ካለህ ይህን ሞክር። አንደኛ፥ ከማደሪያህ በር ላይ ቆመህ በሦስት የተለያየ ሰዓት ቁጥሩን ጻፍ፤ ልዩነታቸውን በሜትር አስላ። ሁለተኛ፥ አንዱን ነጥብ በኪው ጂ አይ ኤስ በ32637 እና በ20137 አስገብተህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ሦስተኛ፥ ከአሮጌው ካርታ ላይ አንድ ስፍራ መርጠህ ቁጥሩን አውጣና ለጓደኛህ ስጥ፤ መነሻውን ግን አትንገረው። መጠየቁን ተመልከት። ሳይጠይቅ መንገድ ከጀመረ ይህን ጽሑፍ አስነብበው።

የእኛ ሣጥን ዛሬም ከብሳናው ሥር አለች፤ በደብተርዋ የተጻፉት ግን ገና ሰባት ስሞች ናቸው። ሊፈልጋት የሚወድ ተማሪ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቀን፤ ቁጥሩን ከነመነሻው እንሰጠዋለን። በጅረቱ ወዲህ ያለውንም ማሳ ዞሮ እንዲያልፍ አደራ እንላለን።